ገና ቁጥር ያልወጣላት

ረቡዕ ጠዋት ውባለም ሻንካ ቢሮዋ ስትገባ፣ አርባ ሰባት ሰዎች ማስታወስ የሚያቅታቸው ወር ከነዓመቱ ተጽፎ ፊርማዋን ይጠብቅ ነበር። ብዙ የሚባል አይደለም፤ ያለፈው ረቡዕ ስልሳ ሁለት ነበሩ። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ፣ መስኮቱን ለአባያ ሐይቅ ነፋስ ከፍታ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ወደ ራሷ ሳበች። የካቲት 2101 ይላል። ፈረመች። ሁለተኛውን ሳበች። መስከረም 2099። ፈረመች።

ደብዳቤዎቹን የሚጽፈው ነጋሪ ነው። ነጋሪ የአርባ ምንጭ የአንጎል ንባብ ማዕከልን አንድ ሙሉ ፎቅ የያዘ ማሽን ሲሆን፣ ሥራው በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ የአንጎልን ርጋፊ መቁጠር ነው። ርጋፊ የሚሉት ከአንጎል ህዋሳት እየወጣ ወደ ደም የሚገባውን የፕሮቲን ስባሪ ነው። ታው የሚባለው ፕሮቲን ሲበዛ፣ አሚሎይድ የሚባለው ደግሞ አንጎል ውስጥ ተጣብቆ እየቀረ ከደም ውስጥ ሲያንስ፣ የነርቭ ክር ቁርጥራጭ ከፍ ሲል፣ ነጋሪ ሁሉንም አገናዝቦ አልዛይመር ይሁን ፓርኪንሰን ወይም ሌላ፣ በየትኛው ወር በሩን እንደሚያንኳኳ ይናገራል። በ2094 ዓ.ም. ይህ ማንንም አያስደንቅም። ሕጉ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በሰው እጅ ይፈረም ስለሚል፣ ውባለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያነበበች ትፈርማለች።

ሠላሳ አንደኛው ደብዳቤ ላይ እጇ ቆመ።

ትርሲት ጋልቻ። ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ። ሥራ፣ የገመድ ጋሪ ነጂ። በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ተራራ ሰው የሚያወጣውን ጋሪ ማለት ነው። ነጋሪ ሰውን የሚያሰጋ ነው የሚለው ታው ቀይ መስመር የተባለውን መጠን ሲያልፍ ነው። ውባለም ካየቻቸው ሁሉ የከፋው፣ የገዛ ልጆቹን የማያውቅ ሽማግሌ፣ የመስመሩ ስድስት እጥፍ ነበር። የዚህች ሴት አሥራ አራት እጥፍ ይላል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አሚሎይዱ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልጎደለም። ታው እንዲህ ጣራ ሲነካ አሚሎይድ ሳይነካ የቀረበትን ንባብ ውባለም አይታ አታውቅም። በቀኑ ቦታ ላይ «ደርሷል» የሚል አንድ ቃል ተጽፏል።

«ድጋሚ ይነበብ» ብላ አዘዘች።

«ንባቡ እርግጠኛ ነው። ድጋሚ ንባብ አያስፈልግም» አለ ነጋሪ።

እንደገና አዘዘች። ያንኑ መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ምክንያቷን ዘርዝራ ጻፈች፤ አሚሎይዱ አይገጥምም፣ ዕድሜዋ አይገጥምም፣ ነጋዴ ብትሆን እሺ፣ ሰው ተራራ የምታወጣ ሴት ናት፣ ደርሷል ከተባለ እንዴት ሥራ ላይ ትገኛለች። ነጋሪ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል ሳይጨምር መለሰላት። ደብዳቤዎች በተራ ካልተፈረሙ ከታች ያሉት አይከፈቱም፤ አሥራ ስድስት ሰው ከኋላ ቆሟል። ስልኳ ጮኸ። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ኤርሚያስ ላምባሞ ነበር።

«ለምን ቆመ ወረፋው?»

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ ዶክተር።»

«ያልገባሽን ከሰዓት ትጠይቂያለሽ። አሁን ፈርሚ።»

ፈረመች። በኋላ ነገሩን ለሰው ስትናገር ከሁሉ አስቀድማ የምታነሳው ይህንን ነው። መጠርጠሯን አይደለም፤ ጠርጥራ መፈረሟን ነው።

ከሰዓት ጠየቀች። የሚመልስላት አላገኘችም።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የጥያቄ መስኮቱ ጋ ጫጫታ ተነሳ። ውባለም ስትወጣ አንዲት ረጅም ሴት ወረቀት ይዛ መስታወቱን በመዳፏ ትመታለች። ሰማያዊ የገመድ ጋሪ ነጂዎች ጃኬት ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ በነጠላ የታቀፈች ሕፃን ተኝታለች።

«ይህንን የፈረመው ማነው? ስሙን አንብቤያለሁ፣ ሰውየውን ነው የምፈልገው!»

«እኔ ነኝ» አለች ውባለም።

ሴትዮዋ መዳፏን ከመስታወቱ አነሳች። የፈረመው ሰው እንዲህ በቅርብ ይገኛል ብላ አልጠበቀችም።

«እርስዎ ነዎት? እንግዲያው ይዩኝ። ትርሲት ጋልቻ እኔ ነኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከታች እስከ ጨንቻ ሃያ ሁለት ምሰሶ አለ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ፍጥነት እንቀንሳለን። ልጄን የወለድኳት ዓርብ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምን ልንገርዎት ሌላ? የትኛው ነው የጠፋብኝ?»

በሽታው ርጋፊውን አስቀድሞ ልኮ እሱ ሃያ ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ጤነኛ መምሰል ማስረጃ አይደለም። ይህንን ውባለም ለስንቱ አስረድታለች። ግን ደብዳቤው «ደርሷል» ነው የሚለው። በአሥራ አራት እጥፍ ሰው ምሰሶ አይቆጥርም። ስሙንም አይናገርም።

«ፈቃዴን ትናንትና ወሰዱት» አለች ትርሲት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እሱ ይሁን። ነገ በዘጠኝ ሰዓት የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ይመጣሉ። ከቀይ መስመር በላይ ያለች እናት ሕፃን ብቻዋን ማሳደግ አትችልም አሉኝ። አባትየው የት እንዳለ አላውቅም። እናት አባቴ የሉም። ሰባት ቀኗ ነው፤ ገና ስም እንኳ አላወጣሁላትም። ለማን ነው የሚሰጧት?»

ውባለም እዚያው አስቀምጣት በደረጃው ወደ ዶክተር ኤርሚያስ ወጣች።

ዶክተር ኤርሚያስ ክፉ ሰው አይደለም። ማዕከሉ ሲከፈት ከነበሩት ሐኪሞች የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ በድሮው ዘመን ቤተሰብ አባቱ ለምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ሲጣላና ሲበተን አይቷል። ነጋሪን የሚወድደው ለዚያ ነው። ውባለም ስትናገር ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

«አዲስ ደም እንውሰድላት» ብላ ጨረሰች።

«ፈቃዷ አይጸናም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከቀይ መስመር በላይ ያለ ሰው ለምርመራ የሚሰጠው ፈቃድ በሕግ ዋጋ የለውም። ሞግዚቷ ይፍቀድላት።»

«ሞግዚቷ ማነው?»

«ነገ ይሾምላታል።»

«ልጇን ከወሰዱባት በኋላ?»

«ውባለም፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«የተነበበው ደም የእሷ መሆኑን በዘር ምርመራ እናረጋግጥ እሺ።»

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ትእዛዙን የሚጠይቀው ማነው? ባለጉዳይዋ። ባለጉዳይዋ…» እጁን ዘረጋ። መጨረስ አላስፈለገውም።

«እና ምን ላድርግ?»

«አንድ ደብዳቤ በእንባ ከተመለሰ ነገ አርባ ሺህ ሰው እንባውን ይዞ ይመጣል። ማስረጃ አምጪልኝ፤ በሕጋዊ መንገድ የተወሰደ፣ እዚሁ ያለ ማስረጃ። ያኔ እናወራለን።»

ከቢሮው ስትወጣ በሩን ጎትታ ልትወረውረው ፈልጋ ነበር፤ በሩ ግን በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ያ ራሱ አናደዳት።

ትርሲት ሕፃኗን እያጠባች ጠበቀቻት። ውባለም አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ከዚህ ማዕከል ውጭ ማንም የማይጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ደሙን እንዴት ወሰዱት?

«ወደ ሥራ ለመመለስ ስለሚያስፈልግ፣ እዚያው ማዋለጃው ውስጥ፣ በወለድኩ ማግስት» አለች ትርሲት። «ነርሷ መጥታ ከክንዴ ቀዳች። ከዚያ የእሷን ተረከዝ ወግታ ቀዳች።»

«የሕፃኗን?»

«የተወለደ ሁሉ ይቀዳል አይደል፣ ለሌላ ለሌላው በሽታ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።»

«በእሷ ብልቃጥ ላይ ምን ለጠፉበት?»

ትርሲት ለማስታወስ ግንባሯን ቋጠረች። «የኔኑ። ጠይቄያት ነበር እኮ። ‹ስም ወጥቶላት እስክትመዘገብ የራሷ ቁጥር የላትም፣ እስከዚያ ያንቺን ነው የምንለጥፈው› አለችኝ።»

ውባለም ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ ቁጥር። የሕፃናቱ ደም ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ነበር መሄድ ያለበት። ሁለቱም እዚህ ከመጡ ነጋሪ ቀድሞ የደረሰውን ያነባል፤ ሁለተኛውን የተደገመ ብሎ ይጥለዋል። የተደገሙ ናሙናዎች ምድር ቤት ባለው በረዶ ክፍል፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሐሙስ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ይቃጠላሉ።

ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።

በረዶ ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሽ ሳዶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ውባለም እያለከለከች ስትደርስ መሳቢያውን አውጥተው ጋሪያቸው ላይ ጭነውታል።

«ጋሼ፣ ይቁሙ! አንድ ብልቃጥ ልፈልግበት።»

«ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እኔም አላየሁሽም፤ ዞሬ ጓንቴን እስካወልቅ ነው ጊዜሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና፣ ጓንቱን ጣት በጣት ማውለቅ ጀመሩ። አሥር ጣት ያለው ሰው ጓንት ለማውለቅ እንዲያ ሲቆይ አይታ አታውቅም።

ብልቃጦቹ ሦስት መቶ ያህል ነበሩ። ጣቶቿ ደንዝዘው፣ ቁጥር እያነበበች፣ እየጣለች፣ ስድስተኛው ጣት ላይ መድረሳቸውን በጆሮዋ እየተከታተለች አገኘችው። የትርሲት ቁጥር። አዋቂ ሰው የሚቀዳበት ትልቁ ብልቃጥ፣ እስከ አፉ የሞላ፣ ክዳኑ እንኳ ያልተነካ። ነጋሪ ያነበበው ብልቃጥ ታዲያ ምን ያህል ነበር? ወደ ላይ ወጥታ መዝገቡን ከፈተች። ሦስት ጠብታ ይላል። ከአንዲት ተረከዝ የሚወጣ ያህል።

ይህ ደም ትርሲት ጤነኛ ሰው ሳለች ፈቅዳ የሰጠችው ነው። ሕጋዊ ነው፤ እዚሁ ያለም ነው። ነጋሪ ግን ያለቀ ጉዳይ ብሎ አይቀበለውም። የቀረው ለተማሪዎች ማሳያ የተቀመጠው የእጅ ንባብ ሳጥን ብቻ ነው፤ አንዷን ጠብታ ለማንበብ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም ካልተቋረጠ። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ውባለም ሳጥኑን በጥፊ መታችው፤ አጠገቧ ትርሲት ያቀፈቻት ሕፃን ደንግጣ ነቃች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ። ታው ከመስመሩ በታች። አሚሎይድ ንጹሕ። የነርቭ ክር ቁርጥራጭ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት እንደሚገባው።

«ምንም የለብሽም» አለቻት።

ትርሲት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ በድንገት ቀና አለች።

«ቆይ። ያኛው ደም የኔ ካልሆነ የማነው?»

ውባለም መሳቢያውን ስትፈትሽ፣ ሳጥኑን ስትመታ፣ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ተራው ግን እንዲደርሰው አልፈለገችም።

«የእሷ ነው?» ትርሲት ወደ ነጠላው ውስጥ ተመለከተች። «አሥራ አራት እጥፍ ያለው የእሷ ደም ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ትርሲት። ሕፃን አንብበን አናውቅም።»

«እንግዲያው ይተዉት» አለች ትርሲት፣ በፍጥነት። «የኔ ነው ይበሉ። ያንን ብልቃጥ መልሰው ይጣሉት። እኔን ሥራም ይከልክሉኝ፣ እብድም ይበሉኝ። እሷ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት አይጻፍባት።»

«ልጅሽን ይወስዷታል እኮ።»

«ጤነኛ ናት ብለው ይውሰዷት! በሽተኛ ናት ብለው ከሚተዉልኝ…» መጨረስ አቃታት። ሕፃኗ እጇን ከነጠላው አውጥታ አየሩን ትጨብጣለች።

ውባለም ብዙ ጊዜ ሰዎች ሲያለቅሱ በመስታወት በኩል አይታለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምን እንደምትል ስላላወቀች የምታውቀውን ሠራች፤ አሰበች። ሕፃኗ ትጠባለች። ትጨብጣለች። ድምፅ ስትሰማ ትነቃለች። አሥራ አራት እጥፍ በእውነት ጥፋት ከሆነ ይህ ሁሉ ባልኖረ። ወይ ሕፃኗ ብቻዋን ልዩ ናት፣ ወይ…

«ሌሎቹ ሕፃናትስ?» አለች ጮክ ብላ።

«የትኞቹ?»

«ማዋለጃው ውስጥ ያሉት። ነገ ጠዋት ተረከዛቸው የሚወጋው። አንዳንድ ጠብታ ብናገኝ። ግን እናቶቻቸው መፍቀድ አለባቸው፤ እኔን አያውቁኝም።»

ትርሲት እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገች። «እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አለች።

ዓርብ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትርሲት ልጇን ታቅፋ ከአልጋ አልጋ ዞረች። ውባለም ከኋላዋ ብልቃጥ ይዛ ተከተለቻት። ለእያንዳንዷ እናት የምትናገረው አንድ ነው፤ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ከልጅሽ ተረከዝ የምትተርፍ አንዲት ጠብታ ስጪኝ። ውጤቱ ስም አይጻፍበትም።» አንደኛዋ ፊቷን አዞረች። አንደኛዋ ባሌን ልጠይቅ አለች። ስድስቱ ሰጡ።

ስድስት ጠብታ፣ በአርባ አርባ ደቂቃ፣ አራት ሰዓት ነው። የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች በዘጠኝ ይመጣሉ። ሳጥኑ አራተኛው ጠብታ ላይ እንደ ልማዱ ቆመ። ውባለም በዚህ ጊዜ አልመታችውም፤ ገመዱን ነቅላ፣ ማራገቢያውን በእስክሪብቶ ጫፍ ጠርጋ፣ ተንበርክካ እንደገና ሰካችው። ትርሲት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሰዓቱን ብቻ ታያለች።

የመጀመሪያው ሕፃን አሥራ አንድ እጥፍ ወጣ።

ሁለተኛው አሥራ ስድስት።

ከዚያ አሥራ ሦስት። ዘጠኝ። አሥራ አምስት። የመጨረሻው፣ ከስድስቱ ሁሉ ወፍራሙና ጩኸታሙ፣ አሥራ ሁለት። የሁሉም አሚሎይድ ንጹሕ ነው።

ውባለም ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ደርድራ መሃላቸው ተቀመጠች። 

«ሁሉም ናቸው» አለች። «ትርሲት፣ ሁሉም ናቸው! ልጅሽ ምንም የተለየ ነገር የላትም። ሰው ሲወለድ እንዲህ ነው።»

«ሁሉም ታመዋል?»

«ማንም አልታመመም። አንጎላቸው እየተሠራ ነው። በቀን ስንትና ስንት አዲስ ህዋስ ከሌላው ጋር ይያያዛል፤ ታው ደግሞ የዚያ ሥራ ዕቃ ነው። ይመስለኛል።» ትንሽ ቆየችና፣ «ይህንን ማንም አንብቦ አያውቅም» አለች። ደስታዋ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ገባ፤ ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልያዘችውም።

ዶክተር ኤርሚያስ ሰባቱንም ወረቀት አንድ በአንድ አነበበ። የትርሲትን ብልቃጥ ብርሃን ላይ አንስቶ አየው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የተደገሙት መሳቢያ ውስጥ ነው ያገኘሽው?»

«አዎ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በማንም።»

ዶክተር ኤርሚያስ ብልቃጡን አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ራሱ ደወለ። የትርሲትን ደብዳቤ በእጁ ሰረዘው፤ ስሙንም ከጎኑ ጻፈ። ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ነበር። ትርሲት ከበሩ ውጭ ሆና ሲሰረዝ አየች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ውባለም በሰላም በተኛች። ግን ሰኞ ዕለት የነጋሪ አዲስ መመሪያ ወጣ። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ነው፤ «ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው ደም አይነበብ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ዶክተር ኤርሚያስ ወጣች።

«ይኸው ነው?»

«ስህተቱ ታረመ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስህተት እኮ አይደለም ዶክተር። ነጋሪ በትክክል ነው የቆጠረው። ታው እውነትም አሥራ አራት እጥፍ ነበር። እኛ የምንለው ‹ታው በዛ ማለት አንጎል እየፈረሰ ነው› ነው። ሕፃኑ ውስጥ በዝቶ እየሠራ ከሆነ፣ ሽማግሌው ውስጥ የሚበዛው ለምንድነው?»

«ሽማግሌው እየረሳ ነው። ሕፃኑ እየተማረ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። የምጠይቀው ታው እዚያ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው።»

«ጥያቄው የኛ አይደለም። እኛ የምናነብ ነን።»

«የማነው ታዲያ?»

ዶክተር ኤርሚያስ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ እንደሚያደርገው፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለ። ውባለም ጥያቄዋን በጽሑፍ ለነጋሪ ላከች። «ከተዘረዘሩት የጥያቄ ዓይነቶች ውስጥ አይደለም» ብሎ መለሰላት። ቃላቱን ቀይራ ላከች። ያንኑ መለሰ። ዓይኑን እንዲጨፍን ከታዘዘ ማሽንና ዓይኑን በፈቃዱ ከጨፈነ ሰው ጋር ስትከራከር ሁለት ቀን አለፈ።

ረቡዕ ሃምሳ አንድ ደብዳቤ ጠበቃት። የመጀመሪያው ለአቶ ዘለቀ ዳራ የተጻፈ ነበር፤ ዕድሜ ስልሳ ስምንት፣ ሸማኔ፣ ጨንቻ አጠገብ ዶርዜ። አልዛይመር፣ ሐምሌ 2096። እስክሪብቶዋን አነሳች፤ አስቀመጠች። ወረፋው ይቁም ብላ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ስልኳ ገና ደረጃው ላይ ሳለች መጮህ ጀመረ። አላነሳችውም።

የገመድ ጋሪው ከደመናው በላይ ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አቶ ዘለቀ ከቀርከሃ በተሠራው ከፍ ያለ ቤታቸው ደጅ፣ እግራቸውን የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው እየሸመኑ አገኘቻቸው። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው የጥለቱን ክር ቀለም በተራ በተራ ያቀብሏቸዋል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ እንደገና አረንጓዴ። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ስትናገር ሴትዮዋ ክሩን አስቀመጡ።

ውባለም ደብዳቤውን አንብባ ነገረቻቸው። አልሸፋፈነችውም። ሽማግሌው መወርወሪያውን ሳይለቁ ሰሙ።

«ቀለሙ ይጠፋብኛል ካልሁ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ለዚህ ነው እሷ የምታቀብለኝ። በሽታ መሆኑን አውቄዋለሁ። ግን ‹እየፈረስህ ነው› ነው የሚለው ወረቀቱ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ እያልኩ ፈርሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ያንኑ ነገር፣ ከእርስዎ እጅግ የበለጠ፣ አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ደም ውስጥ አገኘነው። ጤነኞች ናቸው።»

«ሕፃን ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አንዱን ህዋስ ካንዱ የሚያያይዝ ይመስለናል።»

«እኔ ጭንቅላት ውስጥስ?»

«አላውቅም አባቴ» አለች ውባለም። ከትርሲት በኋላ ይህንን ቃል ለባለ ደብዳቤ ስትናገር ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። «ማንም አያውቅም። ሲፈርስ የሚወድቅ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውን ሊቀጥል የሚሞክር ሊሆንም ይችላል። የመርሳቱን ነገር አይለውጠውም፤ እሱ ይመጣል። ግን አልጠየቅንም።»

አቶ ዘለቀ ድሩን በጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ አቆሙና እንድትነካው እጇን ሳቡት። ትንሽ ቋጠሮ ነበረች።

«እዚህ ጋ ተበጥሶ ነው» አሉ። «ቋጠሮ የበዛበት ድር ደካማ ድር ነው፤ ያ እውነት ነው። ቋጠሮውን ቆጥሮ ድሩ አልቋል የሚል ሰው አልተሳሳተም። ግን ቋጠሮው ምን ይመስልሻል? በጣሹ አይደለም። የቀጠለው እጅ ነው።»

ውባለም ቋጠሮዋን በአውራ ጣቷ ይዛ ቀረች። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ ፊርማ አሰበች። ሽማግሌው ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አታውቅም። የሚያናድዳት፣ ሊታወቅ ሲችል አለመታወቁ ነው።

«አንቺስ ልትጠይቂ ነው?» አሏት።

«እፈልጋለሁ። የሚሰማኝ ካለ። ባይኖርም።»

«እንግዲያው ደሜን ውሰጂ» ብለው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀጭን ነበር፤ ጅማቱ ግን የሸማኔ ነው።

ውባለም ቦርሳዋን ከፈተች። ውስጡ ያለው አንድ የታጠፈ ደብዳቤና አንድ እስክሪብቶ ነው። አፈረች።

«ብልቃጥ አልያዝኩም» አለች።

አቶ ዘለቀ ሳቁ። ባለቤታቸውም ሳቁ፤ ከዚያ አረንጓዴውን ክር አንስተው አቀበሏቸው።

«ነገ ይዘሽ ነይ» አሉ ሽማግሌው፣ መወርወሪያውን እየላኩ። «ግን በጠዋት ነይ ልጄ። ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ።»